ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር፤ ዕፀዋታችንን የመዘገበው እንግዳ

ዐድዋ ሲባል ሁላችንም ወዲያው የምናስበው ጦርነቱንና ድሉን ነው፤ ማሰባችንም የተገባ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጦርነት 59 ዓመት አስቀድሞ አንድ ጀርመናዊ ወደዚያች ከተማ ገብቶ፣ በዙሪያዋ ካሉት ተራሮች ሣሩንና ቅጠሉን እየነቀለ፣ በወረቀት መካከል እያደረቀና ቍጥር እየሰጠ ያከማች ጀመር። ስለዚህ የዓለም ጋዜጦች ዐድዋ የሚለውን ስም ከማወቃቸው በፊት፣ በአውሮፓ ያሉ የዕፀዋት ሊቃውንት በደረቀ ሣር ላይ ተለጥፎ ያነቡት ነበር። ይህ ሰው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የሕይወትን ሳይንስ የምናጠና ተማሪዎች በአገራችን ዕፀዋት የላቲን ስም ላይ ሺምፐሪ ወይም ሺምፐሪያና የሚል ቃል ደጋግሞ ያጋጥመናል። ቃሉን ለፈተና እንሸመድደዋለን እንጂ፣ ይህ ሰው ማን ነው፣ ወደ አገራችንስ ምን አመጣው ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የሌላ ክፍል ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ብትሆኑ ድንች በበላችሁ ቍጥር ከዚህ ሰው ታሪክ ጋር ሳትገናኙ አትቀሩም። ስለዚህ ሕይወቱን ባጭሩ ልንተርክ፣ በመጨረሻም ከእርሱ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ዕዳ ምን እንደ ሆነ ልናመለክት አስበናል።

ሺምፐር የተወለደው በ1804 በባቫሪያ ውስጥ፣ ከኑርንበርግ ከተማ ብዙ በማትርቅ ራይሸንሽቫንድ በምትባል መንደር ነው። በአንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐር በሊቅነቱ ስመ ጥር ነበረ፤ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሕግ የመረመረና፣ ምድር በጥንት ዘመን በበረዶ ተሸፍና ለነበረችበት ወቅት የበረዶ ዘመን የሚለውን ስም በ1837 ያወጣ እርሱ ነው። ታናሹ ቪልሄልም ግን በቀጥታ ወደ ትምህርት አልገባም። መጀመሪያ የእጅ ሙያ ተማረ፤ ከዚያም በወታደርነት አገለገለ። ዕድሜው ወደ ሃያዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ሙኒክ ሄዶ፣ ወንድሙና ወዳጁ ሉዊ አጋሲ ከነበሩበት የወጣት ሊቃውንት ጉባኤ ተጠግቶ የተፈጥሮን ጥናት የጀመረው። እንግዲህ ዘግይቶ የጀመረ ተማሪ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ሙያውና የወታደርነቱ ጽናት በኋላ ከመጽሐፍ ትምህርቱ ባላነሰ ጠቀሙት።

በዚያ ዘመን በቩርተምበርግ ውስጥ በኤስሊንገን ከተማ አንድ እንግዳ ማኅበር ነበረ። ሆክሽቴተር የሚባል ቄስና መምህር፣ ሽቶይደልም የሚባል ሐኪም፣ ሁለቱም ዕፀዋትን የሚመረምሩ ሰዎች፣ በ1820ዎቹ የጉዞ ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩም ይህ ነው፤ ዕፀዋት ወዳዶች በያገሩ ሆነው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ መንገደኛ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ መንገደኛውም ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ቅጂ ሰብስቦና አድርቆ ይልካል፤ ማኅበሩ ከፋፍሎና ስም ሰጥቶ፣ የታተመ ወረቀት ለጥፎ፣ ገንዘብ ላዋጡት ሁሉ እንደ መዋጮአቸው መጠን ያድላል። ሺምፐር ከነዚህ መንገደኞች አንዱ ሆነ። በ1831 እና በ1832 አልጄሪያን አይቶ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፈ። በ1834 ከጓደኛው ከቪስት ጋር ወደ ግብፅ ተላከ፤ ቪስት በግብፅ ሳለ በ1835 ሞተ። ሺምፐር ብቻውን ሲናንና የዓረብን የቀይ ባሕር ጠረፍ ከመረመረ በኋላ ባሕሩን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። በ1837 መጀመሪያ ዐድዋ ደረሰ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ።

በዚያን ጊዜ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት የስም ብቻ ሆኖ፣ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ጊዜ ነው። ሺምፐር በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን ቀጠለ። በመጀመሪያ ከዐድዋ በላይ የሚታየውን የሶሎዳን ተራራ በክረምትም በበጋም እየወጣ ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ተከዜ ቆላ ወረደ፤ ወደ ሰሜን ተራሮችም ወጥቶ በቧሂት ላይ ከብርዱ ጋር የሚታገሉትን ዕፀዋት ለቀመ። ቍጥሮቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 አለፉ። ኤስሊንገን ላይ የታተመው ወረቀትም የመጀመሪያውን ክፍል የዐድዋ ዕፀዋት ብሎ ሰየመው።

ይህን ሥራ ቀላል አድርገን እንዳንገምተው ጥቂት እናብራራ። አንድ ተክል ከተነቀለ በኋላ በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ስለሚጠጣ በየጊዜው መለወጥ አለበት። በክረምት ወረቀቱ ራሱ ይሻግታል። ተክሉ ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን ወዲያው ካልተጻፈ ቅጠሉ ከገለባ አይሻልም። ሁሉም በደንብ ደርቆ ከታሰረ በኋላ በከብት ጀርባ ቁልቁል እስከ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ይሄዳል። ውሃ አንድ ጊዜ ቢነካው የአንድ ዓመት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ከሰበሰባቸው መካከል አንዲት ትንሽ ተክል ስለ ሰውዬውም ስለ እኛም የምታስተምረን ስላለ ጥቂት እንቆይባት። ሁላችንም የምናውቀው ቁልቋል ትልቅ ቤተሰብ አለው። ቅንጭብ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ጉሎና ብሳና ደግሞ በዚያው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ይቈጠራሉ። የቁልቋልና የቅንጭብ የቅርብ ወገን በላቲን ዩፎርቢያ ይባላል፤ ስሙም በጥንት ዘመን በሰሜን አፍሪካ የነገሠው የንጉሥ ዩባ ሐኪም ከነበረው ከዩፎርቡስ የተወሰደ ነው። ቁልቋልን የሚያውቅ ሰው ይህ ወገን ሁሉ እሾኽና ወፍራም ግንድ ያለው ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በሣር መካከል ከሣሩ እምብዛም ሳይበልጡ የሚኖሩ፣ እሾኽ የሌላቸው ብዙ ዘመዶች አሉት። ከነዚህ አንዷ ዩፎርቢያ ዴፖፔራታ ትባላለች። ቃሉ የተመናመነች፣ ድኻ የሆነች ማለት ነው።

ይህች ድኻ የተባለች ተክል ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ዛምቢያና ማላዊ ድረስ በደጋና በወይና ደጋ የሣር ሜዳዎች ትበቅላለች። ከመሬት በላይ የሚታዩት ቀጫጭን ግንዶችዋ በየዓመቱ ይደርቃሉ። ከመሬት በታች ግን እንደ እንጨት የጠነከረ ወፍራም ሥር አላት። በበጋ ሣሩ በእሳት ሲቃጠል ላይዋ ዐመድ ይሆናል፤ ሥርዋ ግን ይተርፋል፤ ከዚያው ሥር አዲስ ግንድ ታወጣለች። ስትቈረጥ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ታፈስሳለች። አንድ አበባ የሚመስለውም ነገር በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው፤ በመካከል አንዲት ሴቴ አበባ ትቆማለች፤ በዙሪያዋ እያንዳንዳቸው በአንድ የወንዴ ዘንግ ብቻ የተወሰኑ ወንዴ አበቦች ይቆማሉ፤ ሁሉንም አንዲት ትንሽ ጽዋ ትይዛቸዋለች። ታላቁ ሊቅ ሊንዬስ በ1753 የዚህን ወገን ጽዋ እንደ አንድ አበባ ቈጥሮት ነበር። ፍሬውም ሦስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዘር አለ፤ ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል።

አሁን የስሙን አወጣጥ እንመልከት። ሺምፐር ተክሉን በኢትዮጵያ ምድር ነቀለ። ሆክሽቴተር በኤስሊንገን ተቀምጦ በወረቀቱ ላይ ስም ጻፈ። አሺል ሪሻር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ደግሞ ከ1847 እስከ 1851 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ መልኩን ገልጾ ስሙን አጸና። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከተክሉ ስም በኋላ የሆክሽቴተርና የሪሻር ስም ይጻፋል። ሁለቱም ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም። የነቀለው ሰው ግን በስሙ ላይ የለበትም። መንገዱን ያሳዩት፣ ወረቀቱን የተሸከሙት፣ ይህ ቅጠል በዚያ ገደል ሥር ይበቅላል ያሉት ያገራችን ሰዎች ደግሞ በጭራሽ አልተጻፉም። ዕውቀት እንዲህ በብዙ እጅ ተሠርቶ በጥቂት ስም ይጠራል።

የሪሻር መጽሐፍ ከሺምፐር ስብስብ ሌላ በካርተን ዲዮንና በፔቲ ስብስብ ላይ ተመሥርቷል። እነዚህ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ከሌፌብቭር ጉዞ ጋር ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ዲዮን በመረብ ቆላ ንዳድ ገደለው፤ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሺምፐርም በቆላው ሲመላለስ ይህ ዓይነት ሞት በየዕለቱ ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን ሳይሞት ቀረ፤ ብቻ ሳይሆን ሳይመለስም ቀረ።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ የኤስሊንገኑ ማኅበር ፈረሰ። መዋጮው ቆመ፤ መንገደኛው በሩቅ አገር ያለ ደመወዝ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ሰብስቦ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ሺምፐር ግን በዐድዋ አካባቢ መኖርን መረጠ። የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀበለ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም የእንትጮን አገር ሰጥተው ሹም አደረጉት። ከኑርንበርግ አጠገብ የተወለደ የቀድሞ ወታደር በትግራይ ውስጥ ባላገር የሚያስተዳድር ሹም ሆነ ማለት ነው። ሹመቱም ቢሆን ከዕፀዋቱ አልለየውም፤ ከፓሪስ የዕፀዋት ሙዚየም ጋር ተላልኮ መሰብሰቡን ቀጠለ።

ይህ ኑሮ የቆመው በደጃዝማች ውቤ ኃይል ላይ ነበር። በየካቲት 1855 በደረስጌ ጦርነት ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አደረጉ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጌታው ሲወድቅ ሺምፐርም ሹመቱን አጣ፤ ርስት ጉልቱ ሄደ፤ ድኻ ሆኖ ወደ ዐድዋ ተመለሰ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ይሁን እንጂ እንደገና ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ተራራው ወጣ። በ1860ዎቹ የሰበሰበው በብዛትም በጥራትም ከወጣትነቱ ሥራ አያንስም። በእነዚሁ ዓመታት ስለ ትግራይ መሬት፣ ስለ ዕፀዋቱና ስለ እርሻው ሰፊ ማስታወሻ በጀርመንኛ ጻፈ፤ ጽሑፉ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባ እርሱ እንደ ሆነ፣ ዘመኑም 1858 ገደማ እንደ ነበረ በታሪክ ጻፎች ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ለኤስሊንገን ማኅበርተኞች ያደረቃቸው ቅጠሎች ለባላገሩ እራት አልሆኑም፤ ድንቹ ግን በደጋው ሁሉ ተስፋፍቶ የድኻ ምግብ ሆነ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ በአገሩ ከነበሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ተያዙ፤ ሺምፐርም ከነርሱ ጋር ነበረ። በሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ፤ እስረኞቹ ተለቀቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። የተፈቱት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። የ63 ዓመቱ ሽማግሌ ሺምፐር ግን ኑሮውን በዐድዋ አደረገ። በዚያም አሥር ዓመት ከኖረ በኋላ በጥቅምት 1878 በ74 ዓመቱ ሞተ። በኢትዮጵያ 41 ዓመት ኖሯል፤ ከዕድሜው የሚበልጠውን ክፍል ማለት ነው።

ስለ ሺምፐር ስንነጋገር ከመካከላችን ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዳንዶች ሀብታችንን ነቅሎ ለባዕድ የሸጠ ነጋዴ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለአገራችን ሳይንስን ያመጣ ባለውለታ ነው ይላሉ። እኛ ሁለቱም ፍርድ የቸኰለ ይመስለናል። ዕፀዋቱን በገንዘብ መላኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነቀለው ሣር በዓመቱ በቦታው ተመልሶ በቅሏል። ከአገር የወጣው ሣሩ ሳይሆን ስለ ሣሩ የተጻፈው ዕውቀት ነው። ለአገራችን ሳይንስን አመጣ ማለትም አይቻልም፤ በዐድዋ ተማሪ ቤት አልከፈተም፤ የስብስቡ ቅጂዎች በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቪየናና በጄኔቭ እንጂ በአገራችን አልተቀመጡም። ልናመሰግነው የሚገባን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ መቆየቱ ነው። አልፎ ሂያጅ መንገደኛ ተክልን በአንድ ወር መልኩ ብቻ ያያል። ሺምፐር ግን ያንኑ ተራራ በክረምትና በበጋ፣ በሹመትና በድኽነት፣ አርባ ዓመት አየው። ላይዋ በእሳት እየተቃጠለ ከሥርዋ እንደምታቈጠቍጠው ተክል፣ ማኅበሩ ሲፈርስ፣ ጌታው ሲወድቅ፣ ሲታሰር፣ ሥሩ በዚያው ስለ ነበረ እንደገና አቈጠቈጠ።

ሌላም ትምህርት አለ። በመጋቢት 1943 በዓለም ጦርነት ጊዜ የበርሊን የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር በቦምብ ተቃጠለ። ስፍር ቍጥር የሌለው ስብስብ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ፤ የሺምፐር ዕፀዋትም በዚያ ነበሩ። ይሁን እንጂ የጉዞ ማኅበሩ ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ቅጂ በየአገሩ በትኖ ስለ ነበረ፣ በበርሊን የጠፋው በሌላ ከተማ ተገኘ። በአንድ ቦታ ብቻ የተከማቸ ዕውቀት ለአንድ ክብሪት የተመቸ ነው። መጽሔታችንን በማባዣ እያተምን ለየመኝታ ቤቱ የምናድለው እኛ ይህን ቁም ነገር ለመረዳት አይቸግረንም።

በአገራችንም ሥራው አልተጀመረም አይባልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር በ1959 ተቋቁሟል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ዝግጅትም ከሠላሳ ዓመት ገደማ ድካም በኋላ በ2009 ተፈጽሟል፤ የቁልቋል ቤተሰብ በ1995 በወጣው ቅጽ ይገኛል። በዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ልጆች ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር እኩል ተሰልፈው ደክመዋል።

ነገር ግን የሣሩ ሜዳ ራሱ እየጠበበ ነው። መስኩ ይታረሳል፤ ቤት ይሠራበታል፤ ሥር ያላት ተክል እሳትን ትችላለች እንጂ ማረሻን ሁልጊዜ አትችልም። ከተክሉም ጋር የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ። አያቶቻችን እያንዳንዱን ቅጠል በስሙ ይጠሩታል፤ የትኛው ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ለኪንታሮት እንደሚቀባ፣ ከብት የትኛውን እንደማይበላ ያውቃሉ። እኛ በክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ይህን ዕውቀት እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥረን አልፈነው እንመጣለን፤ ከዚያ በኋላ የዚያኑ ተክል ስም በላቲን እንሸመድዳለን።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ከመንደራችን መስክ አሥር ተክል ብቻ ከነሥሩ ነቅለን፣ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርቀን እናምጣ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ባላገሩ የሚጠራበትን ስምና የሚሰጠውን ጥቅም እንጻፍበት፤ የነገረንንም ሰው ስም ፈቃዱን ጠይቀን እናክልበት። ወተት ያለውን ተክል የሚነካ ዓይኑን እንዳያሽ ይጠንቀቅ። ሺምፐር ይህን ሥራ የጀመረው ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ወዳጅ ሳይኖረው፣ በጦርነት መካከል ነው። እኛ ቋንቋው አፋችን የፈታበት፣ ሰዎቹ ዘመዶቻችን፣ መስኩም ከደጃችን የሚጀምር ስንሆን የምናቀርበው ምክንያት ምን ይሆን?